ሐብሐብና የጠዋት ሠራተኞቹ

ደላላ የሐብሐብ ማሳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቅርጽ ነው። ቆርጦ የሚቀምሰው ቆይቶ ነው፤ በእጁ አንስቶ ክብደቱን የሚገምተውም ቆይቶ ነው። አንገቷ እንደ ቅል የቀጠነች ወይም በአንድ ጎኗ አብጣ በሌላው የጎደለች ፍሬ ካየ ግን ጎንበስ ብሎ እንኳ አያነሳትም፤ «ይቺ የከብት ናት» ብሎ ያልፋታል። ገበሬው ያን ጊዜ ምክንያት ፍለጋ ይገባል። ዘሩ ተመሳስሎ የተሸጠ ነው ይላል፤ ማዳበሪያው አንሶ ነው ይላል፤ የውኃ ሞተሩ ተበላሽቶ የቆመባቸውን ቀናት ያነሳል። በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ሐብሐብ ሳለማና የሌሎችንም ማሳ ስጎበኝ በኖርኩባቸው ዓመታት ይህ ክርክር ያልተነሳበት ወቅት አላስታውስም። ማዳበሪያም ውኃም የየራሳቸው ጥፋት አላቸው። የጠማማ ፍሬ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ደላላው ከመምጣቱ ከወር በፊት፣ በአንድ ጠዋት፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ሐብሐብ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። መለየቱ ቀላል ነው። ሴቴዋ ከቢጫው አበባ ሥር ፀጉራም የሆነች ትንሽዬ ሐብሐብ ይዛ ነው የምትወጣው፤ ወንዴው ቀጭን አገዳ ላይ የተቀመጠ አበባ ብቻ ነው። ቁጥራቸው አይመጣጠንም፤ በተለመዱት ዝርያዎች በሰባት ወንዴ አንዲት ሴቴ ብትገኝ ነው። ሁለቱም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይከፈታሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ፣ ተመልሰው አይከፈቱም። ዛሬ ጎብኚ ያላገኘች ሴቴ ነገ ሁለተኛ ዕድል የላትም።

የወንዴው ብናኝ ከባድና የሚያጣብቅ ነው፤ የበቆሎን ብናኝ የሚያደርሰው ነፋስ ይህን አይሸከመውም። ነፋስ የሚያደርሰው ቢሆን ኖሮ የስምጥ ሸለቆው የከሰዓት ነፋስ ለሁላችንም በተረፈ ነበር። አሻጋሪ ነፍሳት የግድ ነው፤ እሱም አንዴ አርፎ መሄዱ አይበቃም። በሴቴዋ እምብርት ላይ ብናኙን የሚቀበለው ክፍል ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። ሙሉና ደልዳላ ፍሬ እንዲወጣ ከ500 እስከ 1,000 የሚደርሱ የብናኝ ቅንጣቶች በሦስቱም ክፍሎች ላይ ተዳርሰው ማረፍ አለባቸው። ይህ በማር ንብ ሲሰላ በአንዲት አበባ ላይ ስምንት ያህል ጉብኝት ነው፤ ያውም ቢያንስ ሲባል።

ለምን ይህን ያህል? ምክንያቱም ቀዩን ሥጋ የሚጠራው ዘሩ ነው። እያንዳንዱ ዘር የራሱን የብናኝ ቅንጣት ይፈልጋል፤ የዳበረው ዘር በዙሪያው ያለው ሥጋ እንዲያድግ የሚያዝዘውን ንጥረ ነገር ያመነጫል። ዘር ያልያዘበት በኩል ትእዛዙ አይደርሰውም፤ ይቀራል። የማያምን ገበሬ ካለ ደላላው የጣላትን ፍሬ በቁመቷ ይሰንጥቃት። ባበጠው በኩል ጥቁርና ሙሉ ዘር ተደርድሮ ያገኛል፤ በቀጠነው በኩል ነጭ ልፋጭ ብቻ። ከዚያ በኋላ የዘር ነጋዴውን መርገም ትንሽ ይከብደዋል።

መጀመሪያ የሚፈነዱት ወንዴዎቹ ናቸው። ሴቴዎቹ እስኪከተሉ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንት ያልፋል። በዚህ መሃል ስልክ ይደወልልኛል። «አበባው ሁሉ እየረገፈ ነው፤ ምን ልርጭበት?» ይላል አዲስ የጀመረ ሰው። መልሴ አጭር ነው፤ ምንም። የረገፈው ወንዴ ነው፤ ብናኙን ከሰጠ በኋላ ዕጣው መርገፍ ነው። ችግሩ ከእኔ በፊት የመድኃኒት መደብር ሄዶ ከሆነ ነው፤ ከዚያ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። ያልታመመ ማሳ ላይ፣ ሴቴዎቹ ሊፈነዱ በተቃረቡበት ሳምንት፣ የነፍሳት ማጥፊያ ይረጫል።

ከሁሉም የአበባ ሳምንታት ሥራዎች የምወደው ምሽት ላይ ማሳ ውስጥ መዞርን ነው። ነገ የምትፈነዳው ሴቴ ዛሬ አመሻሽ ላይ ትታወቃለች፤ እንቡጧ ጫፉ ላይ ቢጫ ይላል፣ ያብጣል። ንቦቼ ይበቁኝ ይሆን ወይ ለሚል ገበሬ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። ከሐረጉ በተመሳሳይ ቦታ ላይ ያሉ እንቡጦች ይምረጥ። የተወሰኑትን በቁስል ሻሽ ወይም በአሮጌ አጎበር ቁራጭ ሸፍኖ ንብ እንዳይደርስባቸው ያድርግ። የተወሰኑትን ክር ብቻ አስሮባቸው ለንቦቹ ይተዋቸው። የቀሩትን ጠዋት፣ እንደተከፈቱ፣ በእጁ ያዳቅላቸው፦ አዲስ የተከፈተ ወንዴ ቀጥፎ፣ ቢጫውን አበባ ልጦ፣ መሃሉን በሴቴዋ ሦስት ክፍሎች ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። ለአንዲት ሴቴ ሁለት ሦስት ወንዴ ቢጠቀም አይከፋም፤ ወንዴ ሞልቷል።

በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሱ ይታያል። የተሸፈነችው ቢጫ ሆና ትጨማደዳለች። የያዘችው አገዳዋ ወደ መሬት ይጎነበሳል፣ ፍሬዋ ትወፍራለች። ለንቦች የተተዉት በእጅ ከተዳቀሉት እኩል ከያዙ ንብ አለህ ማለት ነው፤ ስለ ቀፎ መጨነቁን ተወው። በእጅ የነካሃቸው ብቻ ከያዙ ግን ማዳበሪያ ብትጨምር ገንዘብህን ነው የምትበትነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በደንብ ከተዳቀሉትም የሚረግፉ ይኖራሉ። አንድ ሐረግ ለገበያ የምትሆን ሁለት ሦስት ፍሬ ነው የሚሸከመው፤ የተቀረውን ራሱ ይጥለዋል። ስለዚህ በአንዲት አበባ አይፈረድም።

በጃፓን በእጅ ማዳቀል ሙያ ነው። ጠዋት እያንዳንዷን ሴቴ ያዳቅሉና ቀኑን ጽፈው ያንጠለጥሉባታል፤ ስትደርስም በቀን ቆጠራ ትለቀማለች። በግሪን ሃውስ ውስጥና ለእንግዳ ስጦታ በሚሸጥ ፍሬ ያዋጣል። እኛ በሄክታር ለምናለማው፣ በአይሱዙ ለምንጭነው ግን የቀን ሠራተኛ ክፍያው ብቻ ይጨርሰናል። ለእኛ ያለው ንብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። ሐብሐብ ለንብ ደካማ ደሞዝ ከፋይ ነው። ቀሰሙም ብናኙም ጥቂት ነው። ግራሩ ካበበ፣ አጠገቡ ያለው በቆሎ ብናኝ ካወጣ፣ ንቧ የእኔን ማሳ በላዩ አልፋ ትሄዳለች፤ አልፈርድባትም። ቀፎ ማሳው ዳር የሚቀመጥበትን ቀን መምረጥ ሙያ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከአበባው በፊት የመጡ ንቦች አካባቢውን ዞረው የተሻለ ምግብ ያገኛሉ፤ አንዴ ከለመዱት አይመለሱልህም። ሴቴዎቹ መታየት ሲጀምሩ በሌሊት አምጥቶ ማሳረፍ ነው ያለብን፤ ጠዋት ሲወጡ የመጀመሪያ ማዕዳቸው የእኛ ቢጫ አበባ እንዲሆን።

የሚመከረው ቁጥር በሄክታር ከ2 እስከ 5 ቀፎ ነው፤ እኔ ግን ቀፎ መቁጠር አልወድም። የሳሳ መንጋ ያለበት አምስት ቀፎ ከአንድ የበረታ ቀፎ ሊያንስ ይችላል። የሚቆጠረው አበባ ላይ ያለችው ንብ ናት። አሜሪካዊው ማክግሪጎር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው የሰብል ድቀላ መጽሐፍ ያስቀመጠው መለኪያ ለእኛ ገበሬ እንኳን የማይከብድ ነው፦ በየትኛውም የማሳው ክፍል ለ100 አበባ አንዲት ንብ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በመስመሩ መሃል ቀስ ብሎ እየሄዱ አበባና ንብ መቁጠር ነው። ከማሳው ዳር ብቻ የቆጠረ ራሱን ያታልላል፤ መሃል መግባት ያስፈልጋል።

ሌላው ጣጣ ቀፎው ራሱ ነው። በአካባቢያችን ያለው አብዛኛው ባህላዊ ቀፎ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ነው። ሰፈፉ ከግድግዳው ጋር ስለተጣበቀ በአህያም በባጃጅም ሲንገላታ ይሰበራል፤ ማር ይፈሳል፤ ንቡ ተቆጥቶ ይኮበልላል። ለማጓጓዝ የሚመቸው የሽግግር ወይም ዘመናዊ ቀፎ ነው። ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ አንቀሳቅሶ ማስቀመጥም ዋጋ የለውም፤ ሠራተኞቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ይመለሳሉ። የእኛ ንብ ደግሞ ቁጡ ነው። ቀፎው ከመንገድ፣ ከሞተሩና ከአህያ ማሰሪያ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ያለዚያ አረም የሚነቅል ሠራተኛ በሚቀጥለው ቀን አይመጣም።

ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚያከራይ ሰው ማግኘት ሌላ ነገር ነው። በካሊፎርኒያ የአልሞንድ አልሚዎች በየየካቲቱ ከመላ አሜሪካ ቀፎ በከባድ መኪና ያስጭናሉ፤ ለንብ አናቢዎቹ ኪራዩ ትልቅ ገቢ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆና፣ በእኛ በኩል የቀፎ ኪራይ የሚባል ገበያ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱን አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ በደንብ ነግረውኛል። «አባባ፣ ቀፎዎቹን ለሦስት ሳምንት ያውሱኝ፤ ኪራይም እከፍላለሁ» አልኳቸው። «ልጄ፣ አንተ በአበባ ሰዓት መርዝ እንደማትረጭ አውቃለሁ። ጎረቤትህስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ንብ ሲባል ቀፎ ብቻ አይታሰበን። ጣዝማን የሚያውቅ ሰው መሬት ውስጥ የሚኖር፣ የማይናደፍ ንብ እንዳለ ያውቃል። የሐብሐብን አበባ የሚጎበኙ፣ ስም ያላወጣንላቸው ሌሎችም አሉ፤ አፈር ቆፍረው ብቻቸውን የሚኖሩ ጥቃቅን ንቦች፣ ደረቅ እንጨት ቦርቡረው የሚያድሩ ትላልቅ ጥቁር ንቦች። ጥቃቅኖቹ በአንድ ጉብኝት የሚያደርሱት ብናኝ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሲሆኑ ግን ሥራው ይሠራል። ክሌር ክሬመንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሐብሐብ ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተፈጥሮ ዕፅዋት አቅራቢያ ባሉና ኬሚካል በማይረጭባቸው እርሻዎች የዱር ንቦች ብቻቸውን ሙሉ ድቀላ መስጠት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ሬቸል ዊንፍሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ጀርሲና በፔንሲልቬንያ ካጠኗቸው የሐብሐብ እርሻዎች ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት የዱር ንቦቹ ያለ ማር ንብ በቂ ነበሩ።

ይህ የሚገርመኝ በሌላ በኩል ነው። አሜሪካ ለሐብሐብም ለማር ንብም ባዕድ አገር ናት። ሐብሐብ የአፍሪካ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት የቅርብ ዘመዱ እዚሁ ጎረቤታችን ሱዳን፣ ኮርዶፋን የሚበቅለው ነጭ ሥጋ ሐብሐብ እንደሆነ አሳይቷል። የማር ንብም በአፍሪካ ምድር ባይተዋር አይደለም። ባዕድ አገር ላይ የዱር ንቦች ይህን ያህል ከሠሩ፣ እኛ ዘንድ ሰብሉም ንቡም አገሩ ላይ ሆኖ ፍሬ የሚጣመምበት ምክንያት ከተፈጥሮ ሊሆን አይችልም።

መሬት ውስጥ የሚኖረው ንብ የሚፈልገው ያልታረሰ ዳር ነው። የቦይ ጠርዝ፣ የግራር ሥር፣ ትራክተር የማይደርስበት ጥግ። በእኛ አካባቢ ብዙው አልሚ መሬቱን ለአንድ ወቅት በኮንትራት የያዘ ስለሆነ እያንዳንዷን ስንዝር ያርሳል፤ የከፈለበት ነውና አልፈርድበትም። ባለ መሬቱ ግን ሊያስብበት ይገባል፤ ዳሩ የሚቀረው ለእሱ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ፤ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ማሳዎቻችን ትንንሽና የተያያዙ ናቸው። የእኔ ሐብሐብ ከአንዱ ቲማቲም ጋር የሚለየው በአንድ ቦይ ነው፤ ከሌላው ሽንኩርት ጋር በእግር መንገድ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ ወዲህ የቲማቲም ገበሬ መርጫውን ከትከሻው አያወርድም። የሚረጨውም ጠዋት ነው። ነፋሱ ገና አልተነሳም፣ የቀን ሠራተኛው ጉልበት አለው፣ ፀሐዩ አልከረረም። ከእሱ አንጻር ሰዓቱ ልክ ነው። ሐብሐቤ አበባውን የሚከፍተውም በዚያው ሰዓት ነው። አንዲት ንብ ሁለቱንም ማሳ ታውቃለች፤ ድንበር አታውቅም። እኔ የፈለግኩትን ያህል ብጠነቀቅ የሐብሐቤ ቅርጽ በጎረቤቴ እጅ ነው፤ የእሱ ደግሞ በሚቀጥለው ወቅት፣ ሰብል ስንለዋወጥ፣ በእኔ እጅ ይሆናል።

ሰዓት መቀየር ብዙ ይፈታል። ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያለባቸውን የመሳሰሉ የነፍሳት ማጥፊያዎች አበባ ላይ ያለችን ንብ ወዲያው ይገድላሉ። የሐብሐብ አበባ ከተዘጋ በኋላ፣ ከ11 ሰዓት ወዲያ፣ ቢረጩ ግን ንቧ ወደ ቀፎዋ ገብታለች፤ መድኃኒቱም ሌሊቱን ይደርቃል። ሰዓት የማያድነውም አለ። ኢሚዳክሎፕሪድና የመሳሰሉት ተክሉ ውስጥ ገብተው እስከ ቀሰሙና ብናኙ ድረስ ይዘልቃሉ፤ በማታ ስለተረጩ የሚቀንሱት ጉዳት ትንሽ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሚዳክሎፕሪድን ጨምሮ ሦስት የዚህ ቤተሰብ ኬሚካሎች ከግሪን ሃውስ ውጭ እንዳይረጩ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ቢያንስ ከአበባ በፊትና በአበባ ጊዜ ሐብሐብ ላይ አይድረሱ። የሻጋታ መድኃኒትን ከነፍሳት ማጥፊያ ጋር በአንድ መርጫ በጥብጦ «አንድ ጊዜ ይለቅልኝ» ማለትም በአበባ ሰሞን መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ለሻጋታ የወጣ ሰው ንብ ገድሎ ይመለሳል።

ዘር አልባ ሐብሐብ ልሞክር ለሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ይህ ሐብሐብ የጃፓናዊው ሳይንቲስት ሂቶሺ ኪሃራ ሥራ ነው፤ ውጤቱን ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። ዘር ባይኖረውም ፍሬው እንዲያድግ ብናኝ ይፈልጋል፤ የራሱ ብናኝ ደግሞ መካን ነው። ስለዚህ በየሦስት ተክሉ መሃል አንድ ባለ ዘር ሐብሐብ ካልተተከለለት ባዶ ሐረግ ነው የሚታጨደው። የንብ ጉብኝትም ከተለመደው እጥፍ ይሻል። ክሪምሰን ስዊት የሚባለውን ባለ ዘር ዝርያ ቀጥ አድርጎ ማውጣት ያቃተው ማሳ ላይ ይህን መሞከር አልመክርም።

ጠማማ ፍሬ ከታየስ? የእንቁላል ያህል ሳለች ጠማማነቷ ይለያል። ቅጠፏት። ገበሬ የያዘ ፍሬ መቅጠፍ ያመዋል፤ ያም ሆኖ እሷ እያለች ሐረጉ ምግቡን ወደ እሷ ይልካል፣ ቀጥሎ የምትመጣውን ሴቴም አያሳድግም። ለረመዳን ገበያ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥሮ የዘራ ሰው በተለይ ይህን ማዘግየት የለበትም። ከአበባ እስከ ለቀማ ከወር በላይ ይፈጃል፤ በአሥር ቀን የዘገየ ውሳኔ ገበያውን ያስመልጣል።

የውኃ ተራ የሚያወጣ ኮሚቴ በየመስኖው አለ። ማን ሰኞ፣ ማን ማክሰኞ እንደሚያጠጣ እንጣላለን፣ እንታረቃለን፣ እንስማማለን። ተራውን የጣሰ ሰው ይቀጣል። የርጭት ሰዓት ግን በዚያ ስብሰባ ላይ ተነስቶ አያውቅም፤ እንደ ግል ጉዳይ ይታያል። ግል እንዳልሆነ ከላይ ያልኩት ይበቃል። የልማት ሠራተኞችም መድኃኒት ሻጮችም ይህን ቢያግዙ ጥሩ ነው፤ ስምምነቱ ግን የጎረቤታሞች ነው። ቀፎ ያላቸው ሽማግሌዎችም ይጠሩ፤ ስምምነቱ ከያዘ ኪራዩ ራሱ ይመጣል። ስለዚህ የመስኖ ኮሚቴ አባል የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው የውኃ ተራ ስብሰባ አንድ መስመር አስጨምሩ፦ ሐብሐብ ባበበበት ማሳ አጠገብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት መርጫ አይነሳ።